ሹሙ የጮኹበት ሰዓት

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ቆሎ ቆይዋ እትዬ አልጣሽ ናት። እሷ ከክርስትና እናቷ ሰማሁ ትላለች፤ ክርስትና እናቷ ደግሞ ወሬው ከተነሳበት አገር በእግሯ ከመጣች ሴት። እትዬ አልጣሽ ቆሎ አታሳርርም፤ ወሬ ግን ትንሽ ማሳረር ታውቅበታለች። የከሰለው ተራግፎ የበሰለው ብቻ ይኸው።

አገሩ ስም የለውም። ነበረው አሉ፤ ስሙን የሚጠብቅ ሹም ሳይሾም ስለቀረ ተረሳ። በዚያ አገር ሹም የሌለው ነገር እንደ ጠፋ ነው የሚቆጠረው። የውሃ ሹም አለ፣ የበር ሹም አለ፣ የዝምታ ሹምም አለ፤ የዝምታው ሹም ሲናገር የሰማው ሰው ስለሌለ ይኑር ይሙት አይታወቅም። ከሁሉ የሚፈራው ግን የጥላው ሹም ነው። ሰዓት የእሱ ናትና።

ከወንዙ ወዲህ፣ ከጉብታው ላይ፣ ትልቅ የወጌሻ ትምህርት ቤት ቆሟል። በግቢው መሀል አንድ ረጅም ግንድ ተተክሏል፤ በግንዱ ዙሪያ ድንጋዮች ተደርድረዋል። የግንዱ ጥላ አንደኛውን ድንጋይ ሲነካ አንድ ሰዓት ነው፤ ሦስተኛውን ሲነካ ሦስት ሰዓት። ጥላው ድንጋዩን ካልነካ ሰዓቱ አልገባም። ሰዓቱ ካልገባ አስተማሪ አፉን አይከፍትም፣ ተማሪ አይቀመጥም፣ ጸሐፊ ብዕሩን አይነክርም። ደመና የዋለበት ቀን እንዳልዋለ ይቆጠራል፤ ከዕድሜም አይገባም። የዚያ አገር ሴቶች ክረምት በወጣ ቁጥር ገና ልጅ ነን የሚሉት በዚህ ነው፤ ማንም አይፈርድባቸውም።

በዚህ ቤት አንጓች የምትባል ልጅ ትማር ነበር። ልጅ ተባለች እንጂ ሠላሳ ልትሞላ ጥቂት ነው የቀራት፤ ደመናውን ሳይጨምር። እጇ ሰፊ፣ ጣቷ ረጅም፣ ሰው ስትጨብጥ አጥንቱን የምትቆጥር ትመስላለች። ከሦስት ቀን መንገድ የመጣችው ስለ አባቷ ክንድ ነው። አባቷ በሬ ሲጠምድ ወድቆ ክንዱ ቢሰበር፣ በመንደራቸው ወጌሻ አልነበረምና አንድ አውቃለሁ ባይ እንደ ማገዶ አስሮ ለቀቀው። ክንዱ እንደ ማጭድ ጎብጦ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ እጁ ነው የሚያርሰው። ከእሱ በኋላም ማንም ቢሰበር እዚያው አውቃለሁ ባይ ዘንድ ነው የሚወሰደው፤ መንደሩ በጎበጠ ሰው ሞላ። አንጓች ወጌሻ ሳልሆን አልመለስም ብላ ወጣች።

ስድስት ዓመት ጨረሰች፤ ሰባተኛውም ሊያልቅ ነው። የቀሯት ሁለት ትምህርቶች ናቸው፤ አንዱ የእጅ ትምህርት፣ ሌላው የአጥንት ስም ትምህርት። ሕጉ ግን ክፉ ነው። በሰባተኛው ዓመት ወንዙ ሳይሞላ ሁለቱን ያልጨረሰ ሰው፣ የተማረው ሁሉ ይፋቅና ከአንደኛው ዓመት ይጀምራል። አያ ደምለው የሚባል አንድ ተማሪ ይህ ነገር ሦስት ጊዜ ደርሶበት ጢሙ ነጭ ሆኖ ከሕፃናት ጋር ይቀመጣል፤ ሰው ሁሉ ጀማሪው ይለዋል።

የአንጓች አስተማሪ የኔታ ድልነሳ ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ዓይናቸው ደከመ፣ ጆሯቸው ግን ጉድ ነው። ሰው በደጃቸው ሲያልፍ በጉልበቱ ድምፅ ይለዩታል። አንድ ቀን አንዲት እንግዳ ሴት ገና ደጁን ሳትረግጥ፣ ግራ ዳሌሽን በልጅነትሽ ወድቀሽበታል አሏት ይባላል። ሴትዮዋ ሟርተኛ መስለዋት ሸሸች።

እንዲህ ሲኖር የትንፋሽ ሌባ መጣ። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍንጫ እየዘለለ የሰውን ትንፋሽ የሚሰርቅ በሽታ ነው። በመጀመሪያው ወር ብቻ ከከተማዋ አሥራ አንድ ሰው ወሰደ፤ የሚቀለድበት ነገር አልነበረም። ሰው አፍና አፍንጫውን በነጠላው ሸፈነ፣ ሰላምታው ከሩቅ ሆነ፣ ለቅሶው በአጥር ላይ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ነው። ነገር የተበላሸው ሹሞቹ ተሰብስበው ማሰብ ሲጀምሩ ነው።

ሰው ከሰው ሁለት ዘንግ ይራቅ ተባለ። አዳራሹ ሲለካ የተማሪውን ግማሽ ብቻ ያዘ። ስለዚህ ለግማሹ ቀይ ክር፣ ለግማሹ ነጭ ክር በእጁ ታሰረለት። በቀይ ቀን ባለ ቀይ ክሮቹ አዳራሽ ይገባሉ፤ ባለ ነጮቹ በግንድ ድልድዩ ተሻግረው ከማዶ ገደል ሥር ተቀምጠው ያዳምጣሉ። በማግስቱ ይገላበጣል። የተለየ ትምህርት ያለበት ሰው ግን ክሩ ምንም ይሁን ሰሌዳው ወዳለው ይሄዳል።

ሰሌዳው ምንድነው ቢባል፣ የጥላው ሹም አዛዥ ንጋቱ ያሠሩት ትልቅ ሳንቃ ነው። ችካል በችካል ነው፤ በየችካሉ የየተማሪው ክር ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ነው ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት የሚለው የሚታወቀው። አዛዥ በየማታው ክሮቹን ያዛውሯቸዋል። ለምን ቢሏቸው፣ የማይዛወር ሰሌዳ የተረሳ ሰሌዳ ነው አሉ። ተማሪው ጠዋት ጠዋት ጉብታውን ወጥቶ ክሩን ይፈልጋል፤ ካገኘው በኋላ ወርዶ ድልድዩን ይሻገራል፤ ግማሹ መሀል መንገድ ላይ ተዛወረ ሲባል ይመለሳል። በዚያ ዓመት የተማሪው ሁሉ ባት እንደ ተራራ ሰው ጠነከረ፤ ትምህርቱ ባይገባ እግሩ ገባ ይላሉ።

ከማዶ ያለው ሰው እንዴት ይሰማል? ቃል አቀባዮች ቆሙለት። አንዱ ከአዳራሹ መስኮት፣ አንዱ ከድልድዩ አፍ፣ የመጨረሻዋ ከማዶ። የመጨረሻዋ ሸጊቱ ነበረች፤ ጉሮሮዋ የነጋሪት ያህል የሆነች፣ ወሬ የማያድርባት ሴት። የየኔታ ቃል ሲደርሳት ሳታጎድል ታቀብላለች፤ ትጨምራለች እንጂ አታጎድልም። የኔታ እንዲህ ይላሉ፣ ጉልበቱ የወጣ ሰው መጀመሪያ ይታሻል እንጂ አይጎተትም ትልና፣ ትንፋሿን ሳትሰበስብ፣ ትናንት ምንጩ ጋ ጣሳ የረሳችሁ እኔ ዘንድ አለ፣ ጉልበት ሲታሽ ቅቤው ይሞቅ፣ የእንትና እህትም ታጭታለች፣ ደስ ይበላችሁ ብላ ትጨርሳለች። ተማሪው ሁሉንም አንድ ላይ ያጠናዋል።

የማዶው ተማሪ መኖሩን ለማሳየት ዘንግ ላይ ጨርቅ አስሮ ያውለበልባል፤ ጸሐፊው ከጉብታው ላይ ሆኖ ጨርቁን ይቆጥራል። ጀማሪው አያ ደምለው በአራተኛው ቀን ጨርቁን የሴት ፍየሉ ቀንድ ላይ አስሮ ፍየሏን ከቁጥቋጦ ጋር አሰራትና ሠርግ ሄደ። ሠርጉ አለቀ፤ እሱ ግን አልተመለሰም፣ ሌላ ሠርግ ነበር። ጸሐፊውም በመዝገቡ፣ ይህ ተማሪ ከጓደኞቹ ሁሉ ይልቅ ይነቃነቃል፣ አንድም ቀን አልቀረም ብሎ ጻፈ።

አሁን ደግሞ የዚያ አገር ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስህተት መጣ። ማዶም የራሱ ሰዓት ይኑረው ተባለና ግንድ ተተከለ። ድንጋይ ሊደረድር የተላከው ሰው ጠዋት ሄደ። ማዶ ግን በምሥራቁ በኩል ገደል ተደግፎበታል፤ ፀሐይ ገደሉን እስክትሻገር የአዳራሹ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ሰውየው ተቀምጦ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ ጥላ ብቅ ሲል፣ በቃ መጀመሪያ የታየው ጥላ አንደኛው ሰዓት ነው ብሎ የመጀመሪያውን ድንጋይ እዚያ አኖረና ሌላውንም ከዚያ እያስከተለ ደርድሮ ሄደ። ማዶ እንዲህ ሆኖ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ።

አዳራሹ ሦስት ሰዓት ሲል አስተማሪው ይጀምራል፤ ቃል አቀባዮቹ ይጮኻሉ። ማዶ ግን ገና አንድ ሰዓት ነው፤ ተማሪው ሕግ ነውና ሦስት ሰዓት ሳይገባ አይቀመጥም። ቃሉ ባዶ ድንጋይ ላይ ይወድቃል። በአዳራሹም ሰዓት በማዶም ሰዓት ቦታው ላይ የሚገኝ አንድ ተማሪ ብቻ ነበር፤ እሷም የደምለው ፍየል ናት። ሰዎች ሄደው ለአዛዥ ቢነግሯቸው፣ ድንጋዩ ምን አጠፋ፣ ያረፈደችው ፀሐይ ናት አሉ።

ሸጊቱ ቃል ገደል ሲገባ ማየት አልቻለችም። ስለዚህ ከአዳራሹ የመጣላትን ሁሉ ተቀብላ፣ አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች። ሰላም ቢሏት በዓይኗ ነው የምትመልሰው፤ አፏን ከከፈተች ይፈሳል ብላ። ወሬ ያላት ሴት ሁለት ሰዓት ዝም ስትል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የማዶው ሦስት ሰዓት ሲገባና ተማሪው ሲቀመጥ ያኔ ታወርደዋለች፤ ከነትኩሳቱ።

ክረምቱ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው አንጓች ጉብታውን ወጥታ ሰሌዳውን አየች። ክሯ ሁለት ችካል ላይ ተንጠልጥሏል። ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት፣ የእጅ ትምህርት፣ አዳራሽ። ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት፣ የአጥንት ስም፣ ማዶ። ዓይኗን አሸች፤ ያው ነው። ከዚያ ሐሙስ ወዲያ ደግሞ ወንዙ ይሞላል፤ ሌላ ሐሙስ የለም።

አዛዥ ንጋቱ በግቢው ጥግ ጃንጥላ ይዘው ተቀምጠው ነበር። የጃንጥላው ጥላ ከግንዱ ጥላ ጋር እንዳይቀላቀል ሁልጊዜ ራቅ ብለው ነው የሚቀመጡት። አንጓች ሁለት ዘንግ ርቃ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ሐሙስ በሦስት ሰዓት አዳራሽም ማዶም ተመድቤያለሁ።»

«ደግ ነው። አንዱንም ያላገኘ ስንት አለ።»

«እኔ ግን አንድ ሰው ነኝ።»

አዛዥ ሰሌዳውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና ሰሌዳውን አዩ።

«ሰሌዳው አይሳሳትም» አሉ። «አንድ መሆን ያንቺ ጉዳይ ነው።»

በተማሪ ጥያቄ ክር ለማዛወር ግን የቀይ ቀን ጸሐፊና የነጭ ቀን ጸሐፊ አንድ ላይ ማተም አለባቸው አሏት። የቀይ ቀን ጸሐፊ በነጭ ቀን ግቢ አይገባም፤ የነጭ ቀን ጸሐፊዋም በቀይ ቀን አትገባም። ማኅተሙ ደግሞ ከግቢ አይወጣም። አንጓች ቤታቸውን ጠይቃ ሄደች። ለካስ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው ሽሮ እየበሉ አገኘቻቸው። ከደጅ ቆማ ጉዳይዋን ነገረቻቸው፤ አዘኑላት። ሚስቲቱ፣ እዚህማ አብረን ነን እህቴ፣ ማኅተሙ ነው የሌለው፤ እዚያ ደግሞ ማኅተሙ አለ፣ እኛ ነን የሌለነው አለቻት። ባልየው ለመንገድ ይሁንሽ ብሎ ሁለት እንጀራ ከአጥሩ ላይ አኖረላት። እንጀራው ጥሩ ነበር፤ ክሩ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ።

አንጓች ድልድዩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለራሷ አይደለም። አባቷ በአንድ እጁ ሞፈር ይዞ፣ በክንዱ ማጭድ ላይ ጅራፉን አንጠልጥሎ ታይቷት ነው። ሸጊቱ ከማዶ አየቻት። ያን ጊዜ ቃል ይዛ ነበር፤ ስለዚህ አልተናገረችም። የማዶው ሰዓት ገብቶ አፏን ካራገፈች በኋላ ግን ሁለት ዘንግ ለክታ መጣች። አንጓች ሁሉንም ነገረቻት። ሸጊቱ ሰምታ ሰምታ ሳቋ መጣ።

«አንቺዬ፣ የአዳራሹ ሦስት ሰዓትና የማዶው ሦስት ሰዓት መቼ ተገናኝተው ያውቃሉ? አዳራሽ ገብተሽ እጅሽን ተማሪ፤ ቀስ ብለሽ ተሻገሪ፤ እንጀራሽንም መንገድ ላይ ብዪ። እኔ የአጥንቱን ስም በአፌ ይዤ እጠብቅሻለሁ።»

አንጓች እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ለካስ ያ ሰው ማዶ የደረደረው ድንጋይ አንድ ቀን ለደግ ሊሆን ነው የተቀመጠው። ሄዳ አዛዥን የማዶው ሦስት ሰዓት መቼ ነው አለቻቸው። የማዶው ጥላ የማዶውን ሦስተኛ ድንጋይ ሲነካ አሏት። እግዜር ይስጥልኝ ብላ እየዘለለች ወረደች። አዛዥ ምን ደስ እንዳላት አልገባቸውም፤ የሰሌዳው ማማር መስሏቸው ኮሩ።

ሐሙስ ነጋ። ነጋ ይባላል እንጂ ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተከድኗል። ፀሐይ የለችም። ጥላ የለም። አዳራሹ ሰዓት የለውም፣ ማዶ ሰዓት የለውም። የኔታ በአዳራሹ ወንበራቸው ላይ አፋቸውን ዘግተው ተቀመጡ፤ ተማሪው ቆሞ ቀረ። ከላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ቡናማ ሆኖ ያጉረመርማል። የውሃው ሹም ድልድዩ ምሰሶ ላይ ከተቆረጠው ምልክት አጠገብ ተቀምጦ፣ አራት ጣት ቀረው፣ ሦስት ጣት ተኩል ቀረው እያለ ይጣራል። ምልክቱን ሲነካ ወንዙ ሞላ ይባላል፤ ዓመቱ ያልቃል።

አንጓች የቱ ሰዓት ቀድሞ እንደሚገባ አላወቀችም። ወዲህ ትሁን ወዲያ ትሁን ጨነቃትና ድልድዩ መሀል ላይ ቁጭ አለች። አንድ እግሯ ወደ አዳራሹ፣ አንድ እግሯ ወደ ማዶ። ውሃው ከሥሯ ይሮጣል። ሁለት እንጀራዋ በእቅፏ ነው።

አዛዥ ንጋቱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን እትዬ አልጣሽም ትመሰክራለች። ሰሌዳቸው ላይ የተጻፈ ሰዓት ሳይገባ ሲቀር እንደ ሰው ልጅ ሞት ነው የሚያማቸው። ከአዳራሹ ግንድ ወደ ማዶው ግንድ፣ ከማዶው ወደ አዳራሹ ሲመላለሱ ዋሉ፤ ባለፉ ቁጥር አንጓችን ከድልድዩ ላይ ተነሽ፣ ተቀመጪ ይሏታል። በመጨረሻ ከማዶው ገደል አናት ላይ ደመናው ትንሽ የሳሳ መሰላቸው። ጃንጥላቸውን ይዘው ማዶው ግንድ ላይ ወጡ፤ ፀሐይን ከቅርብ ሊያዩዋት። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሰው በአንድ እጃቸው ጃንጥላ ይዘው ግንድ ሲወጡ ማንም አልከለከላቸውም፤ የመውጣት ሹም አልነበረምና።

ጫፉ ላይ ደረሱ። ታየችኝ አሉ። ከዚያ ወደቁ።

በቀኝ እጃቸው ነው የወደቁት። ትከሻቸው ከቦታው ወጥቶ ክንዳቸው እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠለጠለ። ተማሪው ሁሉ ሮጦ ሁለት ዘንግ ሲቀረው ቆመ፤ ክብ ሠራ፤ ያውም ደንበኛ ክብ። አዛዥ እየቃተቱ ማንም እንዳይነካኝ፣ ሰዓቱ አልገባም አሉ።

አንጓች ከድልድዩ መጣች። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አጥብቃ አሰረች። ከክቡ አለፈችና አጠገባቸው ተንበረከከች።

«አንቺ ልጅ፣ ሁለት ዘንግ» አሉ አዛዥ።

«ጌታዬ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰዓትማ የለም።»

«እንግዲያ ዘንጉንም የሚለካው የለም። ነጠላዎን ወደ አፍዎ ሳብ ያድርጉልኝ።»

አዛዥ አሰቡበት፤ ሕጉን ፈልገው አጡ። በግራ እጃቸው ነጠላቸውን ሳቡ።

ሸጊቱ ይህን ጊዜ ወደ አዳራሹ ዞራ ጉሮሮዋን ለቀቀችው። የኔታ፣ አዛዥ ወድቀው ትከሻቸው ወጥቷል አለች። ከድልድዩ አፍ ያለው ተቀበለ፤ ከመስኮቱ ያለው ተቀበለ። ጥቂት ቆይቶ የየኔታ ቃል በዚያው መንገድ ተመለሰ። እዚያ ማን አለ ይላሉ። አንጓች አለች ተባሉ።

«አንጓች ካለች እኔን ለምን ትጠሩኛላችሁ?» የሚል ቃል ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ቀጥሎም ሌላ መጣ። «ስሙን እየጠራች ትሥራ። እሰማለሁ።»

በዚያ ቤት እያንዳንዱ አጥንት በቤትና በጓሮ ነገር ስም ነው የሚጠራው፤ የላይኛው ክንድ ግንድ፣ ክብ ጫፉ እንቁላል፣ እንቁላሉ የሚገባበት የትከሻ ጉድጓድ ጣባ ይባላል፤ የኔታ ከአያታቸው የወረሱት ነው። አንጓች ጣቷን ከአንገታቸው ሥር ጀምራ ቀስ ብላ አሳለፈች።

«ቁልፉ ደኅና ነው» አለች። «አካፋው ደኅና ነው። ግንዱ አልተሰበረም። እንቁላሉ ከጣባው ወጥቷል።»

ሸጊቱ ቃሏን እንዳለ አቀበለች። ምንም አልጨመረችም። በሕይወቷ ምንም ሳትጨምር ያቀበለችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ በኋላ ስታወራው ራሷም ይደንቃታል።

ወዴት ወጣ አሉ የኔታ። ወደ ፊትና ወደ ታች ተባሉ። ተረከዟስ የት ነው አሉ። አንጓች ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን ከአዛዥ ብብት ሥር አግብታ፣ የእጃቸውን አንጓ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ብብታቸው ውስጥ ነው ተባሉ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ የዝምታው ሹም ካለ የዚያን ቀን ደስ ሳይለው አይቀርም። የውሃው ሹም ብቻ አንድ ጣት ቀረው ሲል ተሰማ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሳትቸኩዪ» የሚል ቃል መጣ።

አንጓች ወደ አዛዥ ጎንበስ አለች።

«ጌታዬ፣ ሐሙስ ሦስት ሰዓት የት ነበር የተመደብኩት?»

አዛዥ ሰሌዳ ሲጠየቁ ሕመም ይረሳቸዋል። «አንደኛው ክርሽ ከአዳራሽ፣ ሁለተኛው...» ብለው ሲጀምሩ ሳበች። ቀስ ብላ፣ ሳትነጥቅ፣ እንደ ጥጥ ፈታይ።

አዛዥ ጮኹ።

ያ ጩኸት ቃል አቀባይ አላስፈለገውም። ገደሉን መታ፣ ተመለሰ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ጉብታውን ወጣ፣ አዳራሹ ገባ። ፍየሏ ጠፍሯን በጥሳ ሮጠች፤ ጨርቁን እያውለበለበች። በአዳራሹ የኔታ ድልነሳ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ጩኸቱን እስከ ጭራው አዳመጡት፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ጧ የምትል ትንሽ ድምፅም ለዩ።

«ገብቷል» አሉ። «በንጹሕ ገብቷል። ሁለቱንም አልፋለች።»

ቃሉ ወንዙን ሲሻገር ማዶ ያለው ሰው ዘንጉን ሁሉ አነሳ። ቀይ የለ ነጭ የለ፣ ጨርቅ የሌለው ነጠላውን፣ ነጠላ የሌለው ቆቡን አውለበለበ። አዛዥ ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ ተነሳላቸው። ደግመው አነሱ።

ጸሐፊው ግን አዛዥን ተከትሎ ማዶ ተሻግሮ፣ ብዕሩን ይዞ ቆሞ ነበር። የዚያን ቀን ተረኛው ያ እንጀራ የሰጣት ሰውዬ ነው፤ ልቡ ከአንጓች ጋር ነው፤ መዝገቡ ግን መዝገብ ነው። ሰዓት ሳይገባ የተሠራ ነገር እንዳልተሠራ ነው ጌታዬ፣ በስንት ሰዓት ልበል አላቸው። ሰው ሁሉ ጨርቁን ዝቅ አደረገ። የውሃው ሹም ግማሽ ጣት አለ።

አዛዥ ክንዳቸውን በአንጓች መቀነት አንጠልጥለው ተቀምጠው ነበር። ወደ ሰማይ አዩ፤ ክዳን ነው። ግንዱን አዩ፤ ጥላ የለውም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

«የእጅ ትምህርቱ ተሰጥቷል?»

«ተሰጥቷል ጌታዬ።»

«የስሙስ?»

«እሱም።»

«በአንድ ሰዓት? በአንድ ሰው?»

«በአንድ ሰው።»

«አላልኩም?» አሉ አዛዥ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ሰሌዳው አይሳሳትም።»

ማንም አልተከራከራቸውም። ጸሐፊው ብቻ፣ ሰዓቱስ ጌታዬ አለ። አዛዥ ዕድሜ ልካቸውን ጥላ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ጥላውን ቢያስቀይሙ ይሻላል ወይስ ሰሌዳውን? ብዙ አልቆዩም።

«ሹሙ የጮኹበት ሰዓት ብለህ ጻፍ።»

ጸሐፊው ጻፈ። ቀለሙ ሳይደርቅ የውሃው ሹም፣ ሞላ አለ።

አንጓች ሁለቱን እንጀራ ቆርሳ፣ ሁለት ዘንግ ርቃ፣ ለደረሰው ሁሉ በየድንጋዩ ላይ አኖረች። ሸጊቱ እልል አለች፤ አዳራሹ እልል ብሎ መለሰ፤ እልልታ ሰሌዳ አይፈልግም። ከድልድዩ ወዲህ ከበሮ ተመታ፣ ከድልድዩ ወዲያ ተጨበጨበ፤ በሞላው ወንዝ ላይ ዘፈኑን ግማሹን እነዚያ፣ ግማሹን እነዚህ ዘፈኑት። ከጭብጨባው በኋላ ነው አንድ ሰው ነገሩን ያስተዋለው። ጥላ በሁለቱም ዳር አንድ ዓይነት ሰዓት አሳይቶ አያውቅም፤ ያ ጩኸት ግን አዳራሹም ማዶውም እኩል ሰሙት። በዚያ አገር ሁለቱ የወንዝ ዳሮች በአንድ ሰዓት የዋሉት ያን ቀን ነው የመጀመሪያው።

ከዚያ ወዲህ አዛዥ ንጋቱ በየጠዋቱ ድልድዩ መሀል ቆመው አንዴ ይጮኻሉ፤ ሰዓት ይገባል። ደመናም ይሁን ብራ።

የትንፋሽ ሌባው በሰባተኛው ወር አገሩን ለቀቀ። ክሩም ተፈታ።

ሸጊቱ አስተማሪ ሆነች፤ ተማሪዎቿ አጥንትም ያውቃሉ፣ የታጨውንም ያውቃሉ። ያ ባልና ያቺ ሚስት በአንድ ቀን ግቢ ገብተው አተሙ፤ የሚታተም ነገር ግን አልነበረም። ጀማሪው ደምለው ከሠርግ ሲመለስ ማለፉን ሰማ፤ የምስክር ወረቀቱ የወጣው በፍየሏ ትጋት ነው። ፍየሏ ሁለት ወለደች።

የኔታ ድልነሳ በዘጠና ሦስት ዓመታቸው በተኙበት አረፉ።

አንጓች ወንዙ ሲጎድል አገሯ ገባች። የአባቷን ክንድ እንደገና ሰብራ ጠገነችው። በመጪው እርሻ በሁለት እጁ አረሰ።

ሰሌዳው እስከ ዛሬ እንደተሰቀለ ነው።